የእንፋሎቷ ሞተርና የአባቴ ወናፍ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ። ለስላሳ ጠጣን፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ሦስት ሰዎች ንግግር አደረጉ፤ ሦስቱም «እንግዲህ ጋሽ ሲሳይ ይረፉ» ብለው ጨረሱ። ይረፉ የሚባለው በእኛ አገር ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። ጋቢውን አመስግኜ ተቀበልኩ፣ ምክሩን እዚያው አዳራሹ ውስጥ ትቼው ወጣሁ።

ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ስሠራ አንድ የደበቅሁት ነገር ነበር፤ በእርሱም ምክንያት አንድ ሰው ተጎድቷል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ያደረግሁትን ደግሞ ሰቆጣ በሙሉ እያወራው ነው። አንዱ ሲጨምር አንዱ ሲቀንስ ከምሰማ እኔው ራሴ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

ሥራዬ በደብዳቤ «የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን» ይባላል። በተግባር ግን የተሰበረ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፦ ሚዛን፣ ማይክሮስኮፕ፣ የበር ቁልፍ፣ የርዕሰ መምህሩ ጃንጥላ። የጀመርኩት እዚሁ ሰቆጣ ነው። ከዚያ ፃግብጂ ተዛውሬ ብዙ ዓመት ቆየሁ። እዚያ ቤተ ሙከራ የሚባለው አንድ ሣጥን ነበር፤ በአህያ ጭኜ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው አዞረው ነበር። አህያዋ ገደል አፋፍ ላይ ስትደናቀፍ ከእርሷ ይልቅ ለቴርሞሜትሩ እጮህ ነበር። በኋላ ወደ ሰቆጣ ተመለስኩና እዚሁ ጨረስኩ።

አለቆችም አይቻለሁ። አንዱ ማይክሮስኮፖቹን ሁሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞር ነበር። «ያልተነካ ዕቃ አይሰበርም» ይለኛል። ሲዛወር ሣጥኑን ብንከፍተው ሌንሶቹን ሻጋታ በልቷቸዋል፤ እርሱ ግን በንብረት አያያዝ የምስጋና ወረቀት ተቀብሎ ነው የሄደው። ሌላው ደግ ሰው ነበር፣ ግን መዶሻ በያዝኩ ቁጥር ይደነግጣል። ደመወዙ እንደሚታወቀው ነው፤ ስለ እርሱ አላወራም።

ሰው ያደረጉኝ መምህር ጥላሁን ናቸው። የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ እኔ ጢሜ ሳይጠነክር ስቀጠር እርሳቸው ጎልማሳ ነበሩ። የተበላሸ ዕቃ ሲቀርብላቸው «ተበላሸ» አይሉም። በእርሳሳቸው ጫፍ ኳ ኳ ያደርጉትና ጆሯቸውን አስጠግተው «ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁኛል። መልስ ሳልሰጥ አንዲት ብሎን ብፈታ ይቆጣሉ። ከመፍታታችን በፊት እያንዳንዱን ክፍል ለክቼ ደብተር ላይ እስለዋለሁ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል፤ የወጣው ሁሉ በወጣበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደራል፤ ስንገጥም ከቀኝ ወደ ግራ እንመለሳለን። መጨረሻ ላይ ጨርቁ ላይ አንድ ነገር ከተረፈ ሥራው አላለቀም፣ እንደገና ይፈታል። ለአንዲት ፍሬ ብሎን ብለን አንድን ሚዛን አራት ጊዜ ፈትተነዋል። ያኔ በሆዴ እረግማቸው ነበር፤ ዛሬ እኔም ጨርቅ ሳላነጥፍ የራዲዮ ክዳን አልከፍትም።

ከቤተ ሙከራው ዕቃ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት አንዲት የናስ ሞተር ነበር። በድሮ ጊዜ ከውጭ አገር ለመማሪያ የመጣች፣ የጫማ ካርቶን የምታህል የእንፋሎት ሞተር ናት። ውሃ የሚፈላበት ድብልብል የናስ በርሜል አላት፤ እኛ ሆዷ እንለዋለን። ከሥሩ ትንሽ ኩራዝ ይለኮሳል፤ እንፋሎቱ በቀጭን ቱቦ አልፎ ፒስተኗን ይገፋል፤ ፒስተኗ መዘውሩን ታዞራለች። ከሆዷ አናት ላይ ደግሞ ሽንብራ የምታህል መተንፈሻ አለች። እንፋሎቱ ልኩን ሲያልፍ መተንፈሻዋ ራሷ ተከፍታ ታስወጣዋለች። መምህር ጥላሁን ተማሪ ሲያስተምሩ ከመዘውሩ ይልቅ ስለዚህች መተንፈሻ ነበር የሚያወሩት። «መዞሯን ማንም ያያል፤ እንዳትፈነዳ የምታደርጋት ግን ይህች ናት» ይሉ ነበር። አንዳንዱ ሰው መጫወቻ ይላታል። ትባል፤ ባቡር አይቶ የማያውቅ የዋግ ተማሪ የባቡርን አሠራር በዓይኑ ያየው በእርሷ ነው።

አሁን የደበቅሁትን ልናገር። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር።

ቤታችን ከአምደወርቅ ወጣ ብሎ ነው። የዚያ አካባቢ፣ የደሃና ወረዳ ገበሬ ማረሻውንና ማጭዱን የሚያሠራው አባቴ ዘንድ ነበር። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ሥራ የፈለገ ሰው ከሰሉን ራሱ ይዞ ይመጣል፣ ወናፉንም ራሱ ቁጭ ብሎ ይነፋል፤ ቀጥቃጩ ብረቱን ይይዛል። ወናፉ ሁለት የፍየል ቆዳ ነው፤ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እጅ እየከፈቱና እየዘጉ በየተራ ይጫኑታል። ስለዚህ ያ ገበሬ ግማሽ ቀን ከአባቴ ጋር በአንድ ጭስ ተጨናብሶ፣ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ እየተጫወተ፣ እየሳቀ ይውላል። ማረሻውን ይዞ ሲሄድ ግን ከቤታችን ውሃ አይቀምስም። ልጁንም «እዚያ ቤት እንዳትበላ፣ በዓይናቸው ይበሉሃል» ይለዋል። ጠይብ፣ ቡዳ፣ ያልተባልነው የለም።

አባቴ ናስም ያቀልጥ ነበር። የሚሠራውን ዕቃ መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል። ሰሙን በጭቃና በፈረስ ፋንድያ ይለብጠዋል። ሲደርቅ እሳት ላይ ያኖረዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይፈስና ቦታው ባዶ ይቀራል፤ እዚያ ባዶ ቦታ የቀለጠ ናስ ያፈስበታል። ጭቃው ሲሰበር ዕቃው ይወጣል። የቤተ ክርስቲያኑን መስቀል የሠራው እንዲህ ነው። መስቀሉን የሚሳለሙት ሰዎች ማን እንደሠራው እያወቁ እጁን አይጨብጡትም ነበር።

ሰቆጣ ለትምህርት ስመጣ «አባትህ ምን ይሠራል?» አሉኝ። «ገበሬ ነው» አልኩ። ስቀጠርም እንዲሁ አልኩ። ባለቤቴ እንኳ እውነቱን ያወቀችው ሁለት ልጅ ከወለድን በኋላ ነው። ወደ ደሃና ልንመድብህ ሲሉኝ ሦስት ጊዜ እምቢ ያልኩትም ለዚህ ነው።

አንድ ዓመት እንግዶች ቤተ ሙከራውን ሊጎበኙ ቀጠሮ ያዙ። ሊመጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው የሞተሯ መተንፈሻ ስትጸዳ ከነሞላዋ ጠፋች። ወለሉን በእጃችን ዳሰስን፣ የለችም።

«እዚህ አገር ናስ የሚያቀልጥ ሰው ይጠፋል?» አሉኝ መምህር ጥላሁን።

 አባቴ በሕይወት ነበር፤ በሁለት ቀን ይሠራት ነበር። ግን እርሱ ዘንድ ከሄድኩ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰቆጣ ይገባል።

«የለም» አልኩ።

«እንግዲያው ሳናስነሣት እናሳያቸው» አሉ።

እኔ ግን ጀግና መባል አማረኝ። አንድ ብሎን ፈለግሁ፣ ጥርሱን በሰም በተነከረ ፈትል ጠመጠምኩ፣ የመተንፈሻዋ ቀዳዳ ውስጥ አጥብቄ አሰርኩት። እንግዶቹ በር ላይ ሲደርሱ መምህር ጥላሁንን «አስተካክያታለሁ» አልኳቸው። ያን ቀን ሳይመረምሩ አመኑኝ፤ ጊዜ አልነበረም።

ሞተሯ ተነሣች፣ ዞረች፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ትንሽ ቆይታ ድምፅዋ ቀጠነ። መምህር ጥላሁን ጆሯቸውን አዘነበሉ፤ ወዲያው ግራ እጃቸውን ዘርግተው ከፊት የቆመችውን ተማሪ ገፈተሯት። የሞተሯ ሆድ በስፌቱ በኩል ተሰንጥቆ የፈላው ውሃ በዚያ በተዘረጋው እጅ ላይ ወረደ።

ልጅቷ ምንም አልሆነችም። የመምህር ጥላሁን ግራ እጅ ግን ሲድን ጣቶቹ ተኮራምተውና ተጣብቀው ቀሩ። ሪፖርቱ «በዕቃው እርጅና ምክንያት» ይላል። ሲጻፍ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ከሳምንት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል።

«ብሎን ነው ያደረግህባት» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«አዎ።»

«ለምን?»

አለቀስኩና የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ከአባትህ ይልቅ ብሎን አመንክ?» አሉኝ።

ለማንም አልተናገሩብኝም። ሞተሯን ከነስንጥቋ በጨርቅ ጠቅልዬ በሣጥን እንዳስቀምጣት ብቻ አዘዙኝ። ፃግብጂ የተዛወርኩት ራሴ ጠይቄ ነው፤ ያን እጅ በየቀኑ ማየት አልቻልኩም። አባቴ የሞተው እዚያ ሳለሁ ነው። ባልደረቦቼ ለለቅሶ ልንመጣ ነው ሲሉኝ «መንገዱ ሩቅ ነው» ብዬ አስቀረኋቸው። ሩቅ አልነበረም። ቤታችን ደጃፍ ያለውን መስፍ፣ ብረት የሚቀጠቀጥበትን፣ እንዳያዩ ብዬ ነው።

ወደ ሰቆጣ ከተመለስኩ በኋላ ደግሞ ጦርነቱ መጣ። ቤተ ሙከራው ተበረበረ፣ ተሰባበረ። ስንመለስ የሞተሯን ሣጥን ተገልብጦ አገኘሁት። መዘውሯ የለም፣ ፒስተኗ የለም፣ ኩራዟ የለችም። የተረፈው የተሰነጠቀው ሆድ፣ ቱቦው፣ ፒስተኗ የምትመላለስበት ቀፎና መቆሚያው ነው። ማን ወሰደው አልልም። የተረፈውን ሰብስቤ እንደገና ጠቀለልኩት።

እንግዲህ ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት የቀረ ልብሴን ልወስድ ትምህርት ቤት ብሄድ፣ ሰሌዳው ላይ የሚወገዱ ንብረቶች ዝርዝር ተለጥፏል። ከተሰበረ ወንበርና ከዛገ ቆርቆሮ መካከል «የተበላሸ መጫወቻ፣ አንድ» ይላል።  የአስወጋጁ ኮሚቴ ሰብሳቢ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ደሴ ነው፤ ተማሪዬ ነበር። ቢሮው ገባሁ።

«ሞተሯን ከዝርዝሩ አውጣት» አልኩት።

«የትኛዋን ሞተር ጋሼ?»

«መጫወቻ ያላችኋትን።»

ሳቀ፤ ክፋት አልነበረበትም። «ጋሼ፣ ግማሽ አካሏ የለም እኮ። በሚቀጥለው ሐሙስ ኮሚቴው አይቷት ከቁርጥራጭ ብረቱ ጋር ትሄዳለች።»

«እስከ ሐሙስ ትነሣለች።»

«ማን ያስነሣታል? እርስዎ ጡረታ ወጥተዋል።»

«ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ እጄ ደብዳቤ አልደረሰውም። ቤቴ ልውሰዳትና ልሥራት።»

«የመንግሥት ንብረት ከግቢ አይወጣም። ለጡረተኛ ደግሞ የመውጫ ፈቃድ አይሰጥም።» ሲናገር አፍሯል፣ ግን ተናገረው።

«ጥሩ» አልኩት። «ዕቃው ካልወጣ ምድጃው ይገባል።»

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። እኔም የደነገጥኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ግን አልመለስኩትም። ያቺ ሞተር ከዝገት ጋር ተመዝና ከሄደች የመምህር ጥላሁን እጅ እንደ ዋዛ ቀረ ማለት ነው፤ ጥፋቱም ለዘላለም የዕቃው እርጅና ሆኖ ይኖራል። ስምንት ቀን ነበረኝ።

በቀጥታ የሄድኩት መምህር ጥላሁን ዘንድ ነው። አርጅተዋል፤ ከልጃቸው ጋር እዚሁ ከተማ ይኖራሉ። ሞተሯን እንደማስነሣት ነገርኳቸው።

«በብሎን?» አሉኝ።

«በአባቴ» አልኩ።

 ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው ከሣጥናቸው ሥር አንድ ደብተር አስወጡ። ያኔ እያስገደዱ ያስሳሉኝ ሁሉ እዚያ አለ፤ መዘውሩ፣ ፒስተኑ፣ መተንፈሻዋ፣ ከነልካቸው። «መቼ ልምጣ?» አሉኝ።

በማግሥቱ በሚኒባስ አምደወርቅ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ ወደ ታላቅ እህቴ ታደለች ቤት ሄድኩ። የአባቴ ቤት የቀረው ለእርሷ ነው። ገና ሳልቀመጥ የመጣሁበትን ነገርኳት።

«የአባዬን ወናፍ ልወስድ ነው።»

«አባዬን ገበሬ ነው ስትል አልነበር?» አለችኝ። «ገበሬ ወናፍ ምን ያደርግለታል?»

 ይገባኛል አልኩ በልቤ፤ ይህም ሲያንሰኝ ነው። እርሷ ግን ተነሥታ ገባችና ወናፉን ይዛ ወጣች። ቆዳው እንደ ትናንት ለስላሳ ነው።

«በየዓመቱ ሞራ እቀባዋለሁ» አለች። «ትመጣለህ ብዬ አይደለም። የአባዬ እጅ ያረፈበት ስለሆነ ነው።»

መስፉን፣ ጉጠቱን፣ ማቅለጫውን፣ የሰም ድቡልቡልም ሰጠችኝ። ናስ ከየት ላገኝ ነው ስላት በተሸረፈ ማሰሮ ሙሉ ባዶ ቀልሃ አሳየችኝ። ያ ሁሉ ጥይት ከማሳዋ ላይ የተለቀመ ነው። ያልተተኮሰ እንዳይኖርበት አንድ በአንድ ካየሁ በኋላ በአህያ አስጭና ሸኘችኝ።

ሰሙን ቤቴ ቀረጽኩ። ናስ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ከስዕሉ ትንሽ አሳደግሁት፤ የተረፈውን ሞረድ ይበላዋል። አባቴ አንድ ዕቃ ሲያፈስ ሁልጊዜ ሁለት ቅርጽ ያበጅ ነበር፤ «አንዱ ለሥራው፣ አንዱ ለሰይጣን» ይላል። እኔም ሁሉን ሁለት ሁለት አድርጌ ጭቃ ለብጬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ለስንጥቁ መበየጃ ባለቤቴ የተሰበረ የብር ቀለበቷን ሰጠችኝ። ኩራዟን ከቲማቲም ጣሳ ሠራሁ። የቀረኝ በኩራዟ የሚነደው ነው፤ ያቺ ሞተር ጋዝ አይስማማትም፣ ያጠቁራታል። ዳግም አረቄ ግን በሰማያዊ ነበልባል ይነድዳል። አረቄ ወደምታወጣው ወደ እትዬ አበቡ ሄድኩ። በዕድሜዋ ሙሉ አረቄ ስገዛ አይታኝ አታውቅም።

«ጡረታ እንዲህ ያደርጋል ለካ!» አለችኝ።

«ለሞተር ነው።»

«ሞተርም መጠጣት ጀመረ? እንግዲህ ወንዶቹ ብቻቸውን አይደሉም።» ግን ደረቅ ዳግሙን መርጣ ቀዳችልኝ፤ ነበልባሉንም ሳትሰጠኝ በፊት በክብሪት ሞክራ አሳየችኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ምድጃውን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ከወይራው ሥር ተከልኩ። መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ከበቡ። ጥበቃው «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የአባቴ ወናፍ ነው» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ። «አባቴ ቀጥቃጭ ወልዱ ይባላል። የደሃናን ማረሻ የሠራ እርሱ ነው።»

 ዳቦ ትበላ የነበረች አንዲት መምህርት ዳቦዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አየኋት፤ እርሷም ማየቴን አየች። ድሮ ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ቀን ግን ንዴት ብቻ ነው የተሰማኝ፣ ንዴቱም ጥሩ ጉልበት ሆነልኝ።

«ሥራው የማን ነው?» አልኩ።

«የትምህርት ቤቱ» አለ ደሴ።

«እንግዲያው ደንቡ ይከበራል። ባለ ሥራው ወናፉን ይነፋል።»

አንዱ አንዱን አየ። የደሴ እናት በልጅነቱ ምን ብላ እንዳስፈራራችው ሳትነግረኝ አውቃለሁ፤ ሁሉም እናት የምትለውን ነው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያኔ መምህር ጥላሁን በከዘራቸው እየተደገፉ መጡና ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። የቀኙን ቆዳ ያዙ። ግራ እጃቸው ግን የቆዳውን አፍ መክፈት አልቻለም። በአንድ ወገን ብቻ ሲነፋ ከሰሉ ብልጭ ይልና ይጠፋል።

«ይህ እጅ እንዲህ የሆነው በእርጅና ምክንያት አይደለም» አልኩ።  «መተንፈሻዋ ጠፍታ አባቴ ሊሠራት ይችል ነበር። ጠይብ እንዳልባል ብዬ ብሎን ጠቀጠቅሁባት። መምህርን ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ። ቡዳ ካላችሁ ቡዳው ያ ፍርሃቴ ነው።»

መምህር ጥላሁን ቀና አላሉም። «ደሴ፣ ና እንጂ» አሉ፤ «አንድ እጅ አንሶኛል።»

ደሴ ኮቱን አወለቀ። አጣጥፎ ጥበቃው እጅ ላይ አኖረውና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የግራውን ቆዳ ያዘ። መጀመሪያ አላወቀበትም፤ መምህር ጥላሁን «እኔ ስጫን አንተ ክፈት» እያሉ አስተማሩት። ጥቂት ቆይቶ ከሰሉ ነጭ እስኪመስል ጋለ፣ ቀልሃውም ማቅለጫው ውስጥ እንደ ማር ሆነ።

የመጀመሪያውን ቅርጽ ስሞላ ጭቃው ውስጥ የቀረ እርጥበት ኖሮ ተፍ ብሎ ተሰነጠቀ። ናሱ አመድ ላይ ፈሰሰ።

«ዓይን ገባበት» አለ አንዱ ከኋላ።

«የማን ዓይን?» አለ ጥበቃው። «ባለ ዓይኑ እርሳቸው አይደሉ እንዴ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ደሴ ወናፉን እስኪስት ሳቀ። ዳቦዋን የደበቀችው መምህርትም አፏን ይዛ ስትስቅ አየኋት። የሰይጣኑ ድርሻ እርሱ ሆነ ብዬ የተረፉትን ቅርጾች ሞላሁ። ቀዝቅዘው ጭቃቸው ሲሰበር መዘውሩ፣ ፒስተኑና መተንፈሻዋ አመድ ላይ እንደተንከባለለ ዶሮ ደብዝዘው ወጡ። በዚያው እሳት የሆዷን ስንጥቅ በባለቤቴ ቀለበት ብር በየድኩት።

ረቡዕ ሞረድ ስገፋ ዋልኩ። ፒስተኗ ቀፎዋ ውስጥ በራሷ ክብደት ቀስ ብላ እስክትወርድ ድረስ ነው የሚሞረደው፤ ከፈጠነች እንፋሎት ታመልጣለች፣ ካልወረደች ትነክሳለች። ለመተንፈሻዋ ሞላ ከእስክሪብቶ አወጣሁ። መምህር ጥላሁን ግን እሳት ከማየቷ በፊት በነፋስ ትፈተን አሉ። ሆዷን ውሃ ውስጥ ነክረን በብስክሌት መንፊያ ነፋናት፤ ከስፌቱ አረፋ አልወጣም። መተንፈሻዋ ስትከፈት ብቻ ውሃው ቦክ አለ። ሞላውን እያላላሁ፣ እያጠበቅሁ፣ ደግመን ደጋግመን አስከፈትናት። ማታ ልንለያይ ስንል ነጩ ጨርቅ ላይ አንድም ነገር አልቀረም።

ሐሙስ ኮሚቴው መጣ። ውሃ ሞላሁ፣ የእትዬ አበቡን አረቄ ለኮስኩ። ጠበቅን። ጣቴን ወደ መዘውሩ አስጠግቼ አንድ ጊዜ ገፋ አደረግሁት፤ ሁለት ዞሮ ቆመ። ከኮሚቴው አንዱ ሰዓቱን አየ። ደግሜ ገፋሁት። ያዘ። እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄደና ለዓይን እስኪጠፋ ዞረ። አጨበጨቡ።

እኔ የምጠብቀው ግን ገና ነበር። የቱቦውን መክፈቻ ዘጋሁት፤ መዘውሩ ቆመ፤ እንፋሎቱ ሆዷ ውስጥ ታፈነ። ድምፅዋ ቀጠነ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ስንት ዓመት በሕልሜ ሰምቼዋለሁ። ሰዎቹ ወደ ኋላ ሸሹ። መምህር ጥላሁን ከወንበራቸው አልተነሡም፤ ጆሯቸውን አዘንብለው ጠበቁ። ከዚያ መተንፈሻዋ ሽሽሽ ብላ ተከፈተች፣ ነጭ እንፋሎት ወደ ጣሪያው ወጣ፣ ሆዷም ረገበ።

«ተነፈሰች» አሉ። የተኮራመተውን እጃቸውን አንሥተው ትከሻዬ ላይ አኖሩት። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ቢለኝ ግድ አልነበረኝም፤ አለቀስኩ።

ደሴ ሞተሯን ከዝርዝሩ ሰረዘና እንደ አዲስ ትመዝገብ አለ። የንብረት ክፍሏ ዘርፌ ቅጽ ይዛ ጠረጴዛው ላይ መሙላት ጀመረች። ጎበኝ ብዬ አየሁ፤ «ጠጋኝ ባለሙያ» በሚለው ቦታ «ቴክኒሺያን ሲሳይ» ብላ ጽፋለች።

«ሰርዢው» አልኳት።

«ጋሼ፣ ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም።»

«እንግዲያው ሌላ ቅጽ አምጪ።»

ዘርፌ ወደ ደሴ አየች። የደሴ ጥፍሮች ከማክሰኞው ከሰል ገና አልጠሩም። «አምጪላቸው» አላት።

አዲሱን ቅጽ አመጣች፣ ብዕሯን አነሣች፣ «ምን ልበል?» አለችኝ።

«ቀጥቃጭ ሲሳይ በይ» አልኳት። «የቀጥቃጭ ወልዱ ልጅ።»

ጻፈች። ጮክ ብዬ አነበብኩትና ፈረምኩ።